የሐረጎ ቁልቁለት ሽታ

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መረር ይላል፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ልብስ ላይ ያድራል። ሰው ሲሸትተው መስኮቱን ይዘጋል፣ አፍንጫውን ይይዛል። እኔን ግን ከየትም ቦታ አንስቶ ኮምቦልቻ ያደርሰኛል። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት የወረዱ ከባድ መኪኖች ከተማው መግቢያ ላይ ተደርድረው፣ ከቸርኬያቸው ሰማያዊ ጭስ እየወጣ፣ ረዳቶቹ ከጎማ ሥር ድንጋይ ለማስገባት ዘለው ሲወርዱ ይታየኛል። አንዱ ልጅ እግር ረዳት በጣሳ ውሃ ይዞ ሲሮጥ የአጎቴ ድምፅ ከወዲያ ይሰማል፦

«ተው! ውሃ እንዳታስነካው! የጋለ ታምቡር ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል። በራሱ ይብረድ። አብሽር፣ መንገዱ የትም አይሄድብህም።»

በልጅነቴ ኮምቦልቻ የመኪና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ አድርጎ የሚመጣው መንገድ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ወደብ ይወርዳል። የአሰቡን መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን ነበር የሠራው፤ በላዩ የሚመላለሱትም መኪኖች አብዛኞቹ የጣሊያን ነበሩ። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ተሳቢውን አስከትሎ ሲመጣ ገና ከሩቅ በድምፁ ይታወቃል። መሪው በቀኝ በኩል ነበር። የጣሊያን ከባድ መኪኖች በዚያ ዘመን እንዲያ ነበር የሚሠሩት፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን ጠርዝ ከአጠገቡ እንዲያየው ነው። አጎቴ ይህን ጥበብ ያደንቅ ነበር። ሆኖም ማየት ብቻውን አያድንም ይላል፤ መኪናው ራሱ ወደ ጠርዙ የሚጎትት ከሆነ ሾፌሩ የሚያየው መሞቻውን ነው።

የአጎቴ ጋራዥ የቆርቆሮ ክዳን ነበረው። መሬቱ ያረጀ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮና ጠንክሮ ነበር፤ መሀሉ ላይ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ፎሳ ተቆፍሯል። ቁልፎቹ በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ ቅርጹ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ ማታ ላይ ባዶ ቅርጽ ከታየ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ጠዋት ጠዋት የግራሶ፣ የናፍጣና ከጎረቤት የሚቆላው ቡና ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ማታ ሠራተኞቹ እጃቸውን በናፍጣ አሽተው በሰጋቱራ ያደርቃሉ፣ ከዚያ በሳሙና ይታጠባሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራዬ ቡሎንና ዳዶ በናፍጣ ማጠብ፣ በየጣሳው መለየት ነበር። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ነገር ለትልልቅ በዓል እንኳ አይለቅም ነበር፤ እናቴ ሎሚ እያሸች ታግለዋለች።

ከሚመጣው አቤቱታ ሁሉ አጎቴን ወንበሩን ስቦ ቁጭ የሚያደርገው አንድ ነበር።

«ጋሼ፣ መሪው ወደ ቀኝ ይጎትተኛል። መሪውን ይዩልኝ።»

አጎቴ መሪውን አያይም፤ መጀመሪያ የሚያየው ሾፌሩን ነው። «መቼ ነው የሚጎትትህ?» ብሎ ይጀምራል። «ሁልጊዜ ነው ወይስ ፍሬን ስትይዝ? ጭነህ ነው ወይስ ባዶህን? ነዳጅ ስትሰጠው ይብስበታል? ከመቼ ጀምሮ ነው? ከዚያ በፊት ምን ደረሰበት? ጎማ ቀይረሃል? ጉድጓድ መትተሃል?» የቸኮለ ሾፌር በዚህ ይበሳጫል። መኪናው ፎሳው ላይ ወጥቶ ቁልፍ ሲንኳኳ ካልሰማ ሥራ የተጀመረ አይመስለውም። አጎቴ ግን መልሱን አንድ በአንድ ይቀበላል፤ ካልገባውም ደግሞ ይጠይቃል። መሪ ከአራቱም እግር የሚመጣውን ለሾፌሩ እጅ የሚያደርስ ዕቃ ነው ይለን ነበር፤ ጥፋቱ ያለው ከታች ነው። ጭነቷ ያጋደለባት በቅሎ ልጓሟን ቢስቡት አትቃናም፤ ወርዶ ጭነቱን ማየት ነው።

ቀጥሎ ርካሹን ያስቀድማል። ጎማ መንፋት ገንዘብ አያስወጣም፣ ስለዚህ ከንፋስ ይጀምራል። የአንዱ ጎማ ንፋስ ሲያንስ ጎማው መሬት ላይ ይተኛል፤ ለመንከባለል ይከብደዋል፣ መኪናውም ወደዚያው ጎን ይሳባል። የሚለካውም መኪናው ሳይነዳ በጠዋት ነው፤ ጎማ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ስለሚለጠጥ ልኩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ንፋሱ እኩል ሆኖ አሁንም ከጎተተ የፊቱን ቀኝ ጎማ ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ያዘዋውርና ሾፌሩን «ነድተህ ና» ይለዋል። መጎተቱ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ካልቀየረ ከጎማው ውጭ ይፈለጋል። ራዲያል ጎማ ውስጡ ያለው የሽቦ ቀበቶ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ ከውጭ ሲያዩት ምንም ሳይኖርበት መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይመራል። ይህን በዓይን የሚለይ ሰው የለም፤ በማዘዋወር ግን ማንም ይለየዋል።

ከዚያ መዳፉን ያወጣል። የጎማውን ፊት ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ይዳስሳል። በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው የሚቧጥጥ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዞሯል ማለት ነው፤ ጎማው እየተንከባለለ ሳይሆን እየተፋተገ ሲሄድ ከርሟል። እጄን ይዞ አብሮ ያስዳስሰኝ ነበር። «ይህ ጎማህን ይበላዋል እንጂ ብቻውን አይጎትትህም» ይላል ለሾፌሩ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ስህተቱን ስለሚካፈሉት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሚጣመመው የመሪው ክብ ነው። ብዙ ሾፌር መሪው ተጣሞ ሲያየው «ይጎትተኛል» ብሎ ይመጣል። ሁለቱን መለየት የጋራዡ የመጀመሪያ ትምህርት ነበር።

ይህ ሁሉ የመጣብኝ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ የራሴ መኪና ወደ ቀኝ መጎተት በጀመረች ጊዜ ነው። የወሰድኳት አላይመንት የሚሠራበት ቤት ወለሉ በሴራሚክ ተነጥፏል፤ ዘይት አይታይበትም። በየቸርኬው ላይ መለኪያ ታሰረ፣ መኪናዋ ወደፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ተገፋች፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች በረድፍ ወጡ። ካምበር የሚሉት ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ምን ያህል እንዳጋደለ ነው፤ መኪና ይበልጥ ወደ ውጭ ወዳጋደለው ጎማ ይስባል። ካስተር ደግሞ ጎማው የሚዞርበት ዘንግ አናት ምን ያህል ወደ ኋላ እንዳዘነበለ ነው፤ የሁለቱ ጎን ልክ ከተለያየ ካስተሩ ወዳነሰበት ወገን ያመራል። ማሽኑ እነዚህን ከዲግሪ በታች ባሉ ክፍልፋዮች ይለካል። የእኔ ሁሉም አረንጓዴ ነበር፤ ልክ ነው ማለት ነው።

በማሽኑ ላይ የነበረችው ልጅ ቱታዋን ለብሳ ጸጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋለች። ስክሪኑን ትታ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ሲነዷት ሁልጊዜ ነው የምትጎትተው ወይስ ፍሬን ሲይዙ ብቻ?» አለችኝ።

ቃል አጠረኝ። ሁልጊዜ ነው አልኳት። ራሷ ነድታት ዞራ መጣችና መዳፏን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠግታ ሙቀቱን አነጻጸረች። የቀኙ ፊት ከሌሎቹ ተለይቶ ግሏል። ጎማው ሲወልቅ ያ ሽታ ወጣ፤ መራራው፣ ጉሮሮ የሚቧጥጠው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ግራሶው ደርቆ ከአቧራ ጋር ተጣብቋል፤ ፍሬኑ አንዴ ከያዘ በኋላ አይለቅም። ሸራው በአንድ ወገን ተበልቶ ብረት ሊነካ ቀርቦ ነበር። እሷ ፒኑን ስትጠርግ እኔ አጠገቧ ቆሜ የአጎቴን እጅ አየሁ።

ፍሬን ላይ አጎቴ አንድ ነገር አጥብቆ ያስተምር ነበር። ፍሬን ሳይያዝ የሚጎትት መኪና፣ ጥፋቱ የፍሬን ከሆነ በሚጎትትበት ጎን ያለው ያልለቀቀ ፍሬን ነው፤ ሙቀቱና ሽታው ይናገራል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚጎትት ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በሌላው ጎን ነው። ወደ ቀኝ የሚወስደው የቀኙ ፍሬን ደህና ስለሚይዝ ነው፤ የግራው ግን ሸራው ዘይት ወይም ግራሶ ነክቶት፣ ወይም የፍሬን ቱቦው ተዘግቶ ሥራውን አልሠራም። ሰነፍ መካኒክ የቀኙን ፈትቶ ደህና ሆኖ ሲያገኘው ግራ ይገባዋል፤ ጤነኛውን እያከመ ይውላል። አጎቴ ቀጥታ ወደ ግራው ሄዶ ታምቡሩን ሲያወልቅ ሾፌሮቹ «ጋሼ፣ በዚያኛው ነው ያልኩዎት» ይሉታል። «ሰምቻለሁ» ይላል፤ ሥራውንም ይቀጥላል።

የኤንትሬው ነገር ደግሞ ሲባጎ ይጠይቅ ነበር። ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ በሁለቱም ጎን ሲባጎ ይወጠራል፤ እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ እንበረከካለሁ፣ አጎቴ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ካጠረ ወደ ባሌስትራው ይወርዳል። የባሌስትራውን ንጣፎች አንድ ላይ የሚያስረውና አክስሉን በቦታው የሚያቆመው የመሀል ቡሎን በከባድ ጭነትና በጉድጓድ ምክንያት ከተበጠሰ አክስሉ በዚያ ጎን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የፊት ጎማዎቹም ሁለቱም አብረው ወደዚያ ጎን ይዞራሉ። ከላይ ሲታይ ምንም የተሰበረ ነገር አይታይም። ሲባጎው ግን አይዋሽም። ያ የጋራዡ ሲባጎ ከማሽኑ ስክሪን ጋር አንድ ሥራ እንደሚሠራ የገባኝ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ነው፤ ሁለቱም የሚጠይቁት የመኪናው አራት እግሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ ወይ የሚለውን ነው።

ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አሁንም ከጎተተ አጎቴ መኪናውን ከከተማው አውጥቶ ቦርከና ወንዝ አካባቢ ወዳለው ሜዳማ መንገድ ይወስደዋል። ከፊትም ከኋላም መኪና አለመኖሩን አይቶ ወደ ግራው የመንገድ ክፍል ይሻገርና መሪውን ላላ አድርጎ ይይዘዋል። አስፋልት ዝናብ እንዳይተኛበት መሀሉ ከፍ፣ ሁለቱ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ዝቅታው ብዙውን ጊዜ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በቀኝ የሚሄድ መኪና ስለዚህ ጥቂት ወደ ቀኝ ማምራቱ አይቀርም። በግራው በኩል ሲነዳ ወደ ግራ ካመራ የሚጎትተው መንገዱ ነው፤ መኪናው ምንም የለበትም።

ይህን የተማረው በልጅነቱ፣ ረዳት ሳለ ነበር። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚሄደው በግራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ወደ ቀኝ ተለወጠ። ሾፌሮቹ ስለ ግጭት ሲጨነቁ አጎቴ ሌላ ነገር ማስተዋሉን ይተርክልን ነበር። ለዓመታት ወደ ግራ ይጎትታል እየተባለ ሲማረሩበት የነበረ መኪና ከሰኔ ወዲህ ወደ ቀኝ መጎተት ጀመረ። ማንም ቁልፍ አላሳረፈበትም። የተለወጠው የሚሄድበት ወገን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ መኪና ከመክሰሱ በፊት መንገዱን መጠየቅ ልማዱ ሆነ።

1977 ዓ.ም. ላይ ኮምቦልቻ ሌሊትና ቀን አልተለየም። ወሎ በረሃብ አልቃለች፤ ከአሰብ የእርዳታ እህል የጫኑ መኪኖች በባቲ በኩል መጥተው ወደ ደሴ፣ ከዚያም ወደ ቆቦና ወደ ኮረም ይወጣሉ። ባዶ የተመለሱት ሐረጎን ሲወርዱ ያ ሽታ ከተማውን ይሞላዋል። ጋራዡ ፋኖስ እያበራ ያድራል። እኔ ልጅ ብሆንም ትምህርት ቤት ስለመሄድ የሚያነሳ አልነበረም፤ ቡሎን የሚያጥብ እጅ ይፈለግ ነበር።

አንድ ምሽት የመጣ ሾፌር እህሉን ጭኖ ነበር። ፍሬን ሲይዝ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል፤ ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ነው የነገረን። «እጄ ለምዶታል ጋሼ፣ ወደ ግራ እያዝኩት እሄዳለሁ። ጧት ኮረም መድረስ አለብኝ። ሰው እየሞተ ነው።» አጎቴ የግራውን ታምቡር አስወለቀ፤ ሸራው በግራሶ ርሷል። የሚተካ ሸራ በእጁ አልነበረም፣ ከደሴ እስኪመጣ መቆየት ግድ ሆነ። ሾፌሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ አለቀሰ። ያን ሰው ሲያለቅስ ያየሁበት ፎሳ ዳር እስከ ዛሬ ይታየኛል። አጎቴም እንባውን መግታት አልቻለም፤ ግን ጎማውን አልገጠመም። «ልጄ፣ እህሉ ገደል ከገባ ማንም አይበላውም፤ አንተም አትተርፍም። ተመልሰህ ሌላ እንድትጭን እፈልጋለሁ» አለው። ሸራው በማግስቱ መጣ፣ ሁለቱም ጎን እኩል እንዲይዝ ተስተካከለ፣ መኪናው ሐረጎን ወጣ። ሾፌሩ ከዚያ በኋላም ሲመላለስ አየነው።

«እጄ ለምዶታል» የሚለው ቃል ነበር አጎቴን የሚያስፈራው። መጎተት በአንድ ቀን አይመጣም፤ በጥቂት በጥቂት ይጨምራል። እጅ ሳያውቀው ይታገለዋል፣ ትከሻ ይለምደዋል፣ ሾፌሩ መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ቀጥ ያደረገው ግን የክንዱ ትግል ነው። ጎማ የፈነዳ፣ ፍሬን በድንገት የተያዘ ዕለት ያ ትግል አይበቃም። ለዚህ ነበር አጎቴ ሾፌሩን አስቀድሞ የሚያየው፤ የትኛው ትከሻው እንደወረደ፣ የትኛውን ክንዱን እንደሚያሻሽ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ባልንጀሮቼ መኪና ውስጥ ስቀመጥ መሪውን የያዘውን እጅ ማየት አልተውኩም። ብዙዎቹ ይታገላሉ። ስነግራቸው «ኧረ ምንም አይል» ይሉኛል።

ኮምቦልቻ ተመልሼ ሄጃለሁ። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት ወዲህ በአሰብ የሚመጣ ጭነት ቆሟል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶቹ ከሩቅ ይታያሉ። ጋራዡ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቷል፤ ምድር ቤቱ ሞባይል ይሸጣል። ፎሳው የት ላይ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ፤ ባለ ሱቁ ልጅ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፣ ስነግረው ወንበር ሰጥቶ ቡና ጋበዘኝ። ያችን ኮምቦልቻ አያውቃትም፤ የምነግረውን ግን ስልኩን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

ትዝታም ግን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ በአጎቴ ሥርዓት መፈተሽ አለበት። ያ የምወደው ሽታ የሚወጣው ከአስቤስቶስ ሸራ ነበር። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ የሚሠራው በአስቤስቶስ ነበር። ታምቡር ባወለቅን ቁጥር ውስጡ ያለውን ግራጫ አቧራ በአየር እንነፋለን፤ ፎሳው በደመና ይሞላል፣ እኛም ያንን እየተነፈስን እንስቃለን። አቧራው ሳንባ እንደሚጎዳ፣ ካንሰር እንደሚያመጣ የነገረን አልነበረም። አጎቴ በመጨረሻ ዓመታቱ እያሳለ ነበር የኖረው። የሳሉን ምክንያት ሐኪም አልነገረንም፤ እኔ ግን ያንን ደመና ሳላስብ ስለ ጋራዡ ማውራት አልችልም። ከእኔ ጋር ቡሎን ያጥቡ የነበሩ ልጆችም አብዛኞቹ ትምህርታቸውን አልቀጠሉም። ሲባጎ የያዝንበትን ጊዜ ብቻ ለይቶ ማሞገስ አጎቴ ራሱ የማይወደው ሐሰት ነው።

አዲስ አበባ ያገኘኋት ልጅ ሸራውን ስትጠርግ አፏን በማስክ ሸፍና ነበር፤ አቧራውን አልነፋችም፣ በረጠበ ጨርቅ ጠረገችው። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት። በቴክኒክና ሙያ ስትማር ከድሮ ጋራዥ የመጣ አንድ አስተማሪ ነበራት፤ ማሽን ከመክፈታቸው በፊት ደንበኛውን ሦስት ጥያቄ ያልጠየቀ ተማሪ ነጥብ አያገኝም ነበር አለችኝ። ማሽኑ ውድ ነው፤ የገዛው ሰው ቶሎ ገንዘቡን ለመመለስ መኪና በመኪና ላይ ሊያስወጣበት ይፈልጋል፣ ጥያቄ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ማዕዘኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ፍሬኑ እየጋለ ከጋራዥ የሚወጣ መኪና ስንት ይሆን? የድሮው እጅ ያላየውን ማሽኑ ያያል፤ ማሽኑ የማይሸተውን ያ እጅ ያገኘዋል። መጀመሪያ ጠይቆ፣ ቀጥሎ ዳስሶ፣ ከዚያ ለክቶ የሚሠራ ጋራዥ ከአጎቴም ዘመን፣ ከአሁኑም ጥድፊያ የተሻለ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጋራዥ ፈልጎ ማግኘት፣ ሲያገኙም ለጥያቄው ጊዜ መስጠት የእኛ የባለ መኪኖቹ ድርሻ ነው።